የዳፊ ፕሮቲንን የሚለየው አንቲቦዲና «የለም» የሚለው ውጤት ትርጉም

ዳፊ በመባል የሚታወቀው ፕሮቲን በቀይ የደም ሕዋስ ገጽ ላይ የሚገኝ የኬሞካይን ተቀባይ ሲሆን፣ ፕላስሞዲየም ቫይቫክስ የተባለው የወባ ጥገኛ ተሕዋስ ወደ ደም ሕዋስ የሚገባበት ዋነኛ በር ነው። ይህን ፕሮቲን ለመለየት የሚያገለግሉት ፀረ እንግዳ አካላት፣ በተለምዶ አንቲቦዲ የሚባሉት፣ ከ1950ዎቹ ጀምሮ ሰዎችን «ዳፊ ያላቸው» እና «ዳፊ የሌላቸው» በሚል በሁለት ሲከፍሉ ቆይተዋል። በዚሁ ክፍፍል ላይ ተመሥርቶም ዳፊ የሌለው ሰው በቫይቫክስ ወባ አይያዝም የሚል አመለካከት በሕክምናው ዓለም ለረጅም ጊዜ ሰፍኗል። በማዳጋስካር፣ በኢትዮጵያና በሌሎች የአፍሪካ አገሮች የተገኙ ማስረጃዎች ግን አመለካከቱ እንደገና እንዲመረመር አስገድደዋል። ከዚሁ ጋርም አንቲቦዲው «የለም» ሲል በትክክል ምን ማለቱ እንደሆነ ጥያቄ ውስጥ ገብቷል።

ኬሞካይኖች ሰውነት ጉዳት ወይም ልክፈት በደረሰበት ቦታ የሚያመነጫቸው ጥቃቅን ፕሮቲኖች ናቸው። ተግባራቸው ነጭ የደም ሕዋሳትን ወደ ጉዳቱ ሥፍራ መጥራት ነው። ጥሪውን የሚቀበሉት በሕዋሳት ገጽ ላይ የተተከሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ መልእክቱን ወደ ሕዋሱ ውስጥ ያስተላልፋሉ። ዳፊ በዚህ ረገድ ከሌሎቹ ይለያል። ኬሞካይኖችን አጥብቆ ይይዛል እንጂ እንደ ሌሎቹ መልእክት ወደ ውስጥ አያሳልፍም። ኢንተርሉኪን 8 ከሚባለው ጀምሮ ከሁለት የተለያዩ የኬሞካይን ቤተሰቦች የሚመጡ በርካታ ዓይነቶችን ስለሚይዝ፣ በደም ውስጥ የእነዚህን ፕሮቲኖች መጠን እንደሚያመጣጥን ይታመናል። በዚህ ጠባዩ ምክንያት በዓለም አቀፍ አሰያየም «ያልተለመደ የኬሞካይን ተቀባይ አንድ»፣ በአጭሩ ኤሲኬአር1 ይባላል። በሕዋስ መለያዎች ዝርዝር ውስጥ ደግሞ ሲዲ234 የሚል ቁጥር ተሰጥቶታል። ይህ ዝርዝር ከኤችአይቪ ሕክምና ጋር በተያያዘ በስፋት የሚታወቀው ሲዲ4 የሚገኝበት ዝርዝር ነው። የሲዲ4 ቆጠራ ራሱም በአንቲቦዲ የሚከናወን ምርመራ በመሆኑ፣ የዳፊ ምርመራ በመርሕ ደረጃ ከእርሱ የተለየ አይደለም።

ፕሮቲኑ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1950 ነው። ደም ያለመርጋት ችግር ለነበረበትና በተደጋጋሚ ደም ለተሰጠው አንድ ሕመምተኛ የተለገሰው ደም ከሰውነቱ ጋር ሳይስማማ ቀርቶ፣ በደሙ ውስጥ ቀደም ሲል የማይታወቅ አንቲቦዲ በመገኘቱ የሕመምተኛው የቤተሰብ ስም ለአዲሱ የደም ዓይነት መጠሪያ ሆነ። በማግስቱ ዓመት ሁለተኛው ቅርጽ ተገኘ፤ ሁለቱም ኤፍዋይኤ እና ኤፍዋይቢ ተባሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ በበርካታ አፍሪካ አሜሪካውያን ደም ላይ ሁለቱም አለመኖራቸው ታወቀ። በዚያን ጊዜ ይህ ለደም ባንክ ባለሙያዎች ብቻ የሚጠቅም ዕውቀት ይመስል ነበር።

ጉዳዩን ከወባ ጋር ያገናኘው አሜሪካዊው ተመራማሪ ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ ያከናወኑት ሥራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ዳፊ የሌላቸው ቀይ የደም ሕዋሳት ፕላስሞዲየም ኖውለሲ የተባለውን የዝንጀሮ ወባ እንደማያስገቡ በቤተ ሙከራ አሳዩ። በተከታዩ ዓመት ይፋ በሆነው ጥናት ደግሞ በቫይቫክስ በተያዙ ትንኞች የተነደፉ 11 ጥቁርና 6 ነጭ ፈቃደኞች ደም ተመርምሮ፣ በተሕዋሱ ያልተያዙት ዳፊ የሌላቸው አምስቱ ብቻ ሆነው ተገኙ። ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ከቫይቫክስ ወባ ነጻ ሊባሉ የተቃረቡበት ምክንያት በዚህ ተብራራ። ፕሮቲኑ የኬሞካይን ተቀባይ መሆኑ የታወቀው ግን ዘግይቶ እ.ኤ.አ. በ1993 ሲሆን፣ ሪቻርድ ሆሩክና ባልደረቦቹ ኢንተርሉኪን 8ን የሚይዘው የቀይ ደም ሕዋስ ተቀባይና ዳፊ አንድ መሆናቸውን አረጋገጡ።

ከሁለት ዓመት በኋላ ፕሮቲኑ በአፍሪካውያን ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የጠፋበት ምክንያት ተለየ። ለውጡ በፕሮቲኑ ግንባታ ላይ ሳይሆን ጂኑን በሚያስነሳው ክፍል ላይ የሚገኝ የአንድ ፊደል ለውጥ ነው። ይህ ክፍል ቀይ የደም ሕዋስ በሚመረትበት ጊዜ ጋታ1 የተባለው ፕሮቲን ተጣብቆ ጂኑን የሚያበራበት ቦታ ሲሆን፣ ፊደሉ ሲለወጥ ጋታ1 መጣበቅ ያቅተዋል። ጂኑ ግን ጤናማ ነው። በመሆኑም ዳፊ የለውም የሚባለው ሰው በቀጫጭን የደም መልስ ሥሮቹ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ፕሮቲኑን እንደማንኛውም ሰው ይዞ ይኖራል። የሥሮቹ ሕዋሳት ጂኑን የሚያስነሱት በሌላ መንገድ ነውና። ከዚህ ሰው የተወሰደ የአካል ቅንጣት በአንቲቦዲ ቢመረመር ሥሮቹ ቀለም ይይዛሉ፤ ደሙ ሲመረመር ግን ውጤቱ «የለም» ይሆናል። አንድ ሰው ያው፣ አንድ አንቲቦዲም ያው ሆነው መልሱ ሁለት ነው። «ዳፊ የሌለው ሰው» የሚለው አጠራር በምርምር ጽሑፎች ዘንድ ቢለመድም፣ «ዳፊ የሌለው ቀይ የደም ሕዋስ» ቢባል የበለጠ ትክክል ይሆን ነበር።

የመጀመሪያዎቹ የዳፊ አንቲቦዲዎች የተገኙት ደም ከተሰጣቸው ሰዎች ነበር። እነዚህ በመጠን ውስን ከመሆናቸውም በላይ ከሰው ሰው ይለያያሉ። ሁኔታውን የለወጠው ጆርጅ ኮለርና ሴዛር ሚልስቲን እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት የሞኖክሎናል አንቲቦዲ ዘዴ ነው። አንቲቦዲ የሚያመርትን አንድ የአይጥ ሕዋስ መባዛት ከማያቆም የካንሰር ሕዋስ ጋር በማዋሐድ፣ አንድ ዓይነት አንቲቦዲ ያለማቋረጥ ማምረት ተቻለ። ሁለቱ ተመራማሪዎች ለዚህ ሥራ የ1984 የኖቤል ሽልማትን ከኒልስ ዬርነ ጋር ተጋርተዋል። በዚሁ ዘዴ የተገኘውና እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ የሆነው የዳፊ አንቲቦዲ ኤፍዋይኤም ሆነ ኤፍዋይቢ ባላቸው ሕዋሳት ላይ ሁሉ የሚጣበቅ፣ ሁለቱም በሌላቸው ላይ ደግሞ የማይጣበቅ በመሆኑ የሚይዘው ቦታ ኤፍዋይ6 የሚል መጠሪያ ተሰጠው። በኋላም ቱሲ3 የሚባለው ሌላ ሞኖክሎናል ተጨመረ።

የዳፊ ፕሮቲን 336 አሚኖ አሲዶች ያሉት ሰንሰለት ሲሆን፣ የሕዋሱን ሽፋን ሰባት ጊዜ ይሰፋል። ከሕዋሱ ውጪ የሚንጠለጠለው መነሻ ጫፉ ነው። ኤፍዋይኤ እና ኤፍዋይቢን የሚለየው በ42ኛው ቦታ ላይ ያለው አንድ አሚኖ አሲድ ሲሆን፣ ኤፍዋይ6 የሚባለው ደግሞ ከዚያ ቀደም ብሎ በ22ኛውና በ26ኛው መካከል ይገኛል። የቫይቫክስ ተሕዋስ የሚጣበቀውም በዚሁ የመነሻ ጫፍ ላይ ነው። ስለሆነም የኤፍዋይ6 አንቲቦዲ የበሩን መኖር ከማመልከት አልፎ በሩን ሊዘጋ ይችላል፤ ተመራማሪዎች የተሕዋሱን አገባብ ለማጥናት የሚገለገሉበትም በዚህ ምክንያት ነው።

ከአይጥ ሌላ ግመልም ለዚህ ሥራ ውላለች። የግመል ደም ከተለመዱት አንቲቦዲዎች በተጨማሪ ቀላል ሰንሰለት የሌላቸው አንቲቦዲዎች እንዳሉት በብራስልስ የሚገኙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1993 አስታውቀዋል። ከእነዚህ የሚወሰደው መያዣ ክፍል ናኖቦዲ ይባላል፤ ክብደቱ ከተለመደው አንቲቦዲ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 ባለ አንድ ጉብታ ግመል ሰውነት ካመረተው የተወሰደ ናኖቦዲ የሰውን ዳፊ በዚያው በኤፍዋይ6 ቦታ እንደሚይዝ ታትሟል። ናኖቦዲ የዘረመል ቅደም ተከተሉ ስለሚታወቅ በባክቴሪያ ውስጥ በተፈለገ ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊመረት ይችላል።

ምርመራው ሲከናወን ጥቂት ደም በጨው ውኃ ታጥቦ፣ በብርሃን ሲመታ የሚያበራ ቀለም ከተያያዘበት አንቲቦዲ ጋር ለተወሰነ ጊዜ ይቆያል። ያልተጣበቀው አንቲቦዲ ከታጠበ በኋላ ሕዋሳቱ ፍሎው ሳይቶሜትር በተባለው መሣሪያ ውስጥ አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እንዲያልፉ ተደርጎ የእያንዳንዱ ብርሃን ይለካል። በደም ባንኮች የሚሠራበት የቆየው ዘዴ ደግሞ ሕዋሳቱ ሁለተኛ አንቲቦዲ ሲጨመርባቸው መጓጎል አለመጓጎላቸውን በዓይን መመልከት ነው።

ስህተት የሚከሰትባቸው ሁኔታዎች ጥቂት አይደሉም። የመጀመሪያው ከፕሮቲኑ ቁጥር ማነስ ጋር ይያያዛል። በአንድ ቀይ የደም ሕዋስ ላይ የዳፊ ፕሮቲን ብዛት እስከ አሥር ሺህ ገደማ ሲሆን፣ ግላይኮፎሪን ኤ የተባለው ሌላ የገጽ ፕሮቲን ግን ወደ አንድ ሚሊዮን ይደርሳል። ደካማ አንቲቦዲ ወይም የደበዘዘ ቀለም ያለውን ፕሮቲን እንደሌለ ሊያስቆጥር ይችላል። ኤፍዋይኤክስ የሚባለው የኤፍዋይቢ ዝርያ ደግሞ በ89ኛው ቦታ ባለ ለውጥ ምክንያት በሕዋሱ ገጽ ላይ የሚታየው በጣም በጥቂቱ ነው። ይህን የያዘ ሰው በመጓጎል ዘዴ ሲመረመር ዳፊ እንደሌለው ተደርጎ በቀላሉ ሊመዘገብ ይችላል።

ሁለተኛው የናሙና አያያዝ ነው። ከፓፓያ የሚገኘው ፓፔን የተባለ ኢንዛይም በደም ባንክ ሥራ አንዳንድ አንቲቦዲዎችን ለማጉላት ይውላል። ይኸው ኢንዛይም ግን የዳፊን ተንጠልጣይ ጫፍ ቆርጦ ይጥላል። በፓፔን በታከመ ሕዋስ ላይ ኤፍዋይኤ፣ ኤፍዋይቢና ኤፍዋይ6 ሁሉም ሲጠፉ፣ ኤፍዋይ3 የሚባለውና በሌላኛው የፕሮቲኑ ክፍል ላይ ያለው ምልክት ብቻ ይቀራል። የኤፍዋይ6 አንቲቦዲ ተጠቅሞ «የለም» የሚል ውጤት ያገኘ ቤተ ሙከራ ያረጋገጠው የጫፉን አለመኖር ብቻ መሆኑን ማስተዋል ይገባዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ የአንቲቦዲው የራሱ ታማኝነት ነው። የሕዋስ ሽፋንን ሰባት ጊዜ የሚሰፉ ተቀባዮች እርስ በርስ ስለሚመሳሰሉና ከሽፋኑ ሲወጡ ቅርጻቸው ስለሚበላሽ፣ ለእነርሱ የሚሸጡ አንቲቦዲዎች ብዙዎቹ አስተማማኝ አለመሆናቸው ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ሲነገር ቆይቷል። ችግሩ በእነዚህ ተቀባዮች ላይ ብቻ የተወሰነ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ጥናት በ65 የሰው ፕሮቲኖች ላይ የሚሸጡ 614 አንቲቦዲዎች፣ ፕሮቲኑ ባለበትና ጂኑ ሆን ተብሎ በጠፋበት ሕዋስ ላይ ጎን ለጎን ተፈትነዋል። ለብዙ ፕሮቲኖች የታተሙ ጥናቶች የተመረኮዙት ፈተናውን ባላለፉ አንቲቦዲዎች ላይ ሆኖ ተገኝቷል። ቅደም ተከተላቸው ታውቆ የተመረቱት ከሌሎቹ የተሻለ ውጤት አሳይተዋል።

ዳፊ በዚህ ረገድ ዕድለኛ ፕሮቲን ነው ማለት ይቻላል። ለሌሎች ፕሮቲኖች በቤተ ሙከራ በብዙ ወጪ የሚዘጋጀው «ፕሮቲኑ የጠፋበት ሕዋስ» ለዳፊ በሚሊዮን በሚቆጠሩ ሰዎች ደም ውስጥ በተፈጥሮ ተዘጋጅቶ ይገኛል። ጂናቸው ተነቦ የታወቀ፣ ዳፊ ያለውና የሌለው ሁለት ለጋሾች ደም በአንድ ጠዋት በአንድ ዓይነት ሁኔታ ሲፈተን አንቲቦዲው መሥራት አለመሥራቱ ይለያል። በኢትዮጵያ ሁለቱም ዓይነት ሰዎች ጎን ለጎን ስለሚኖሩ ይህን ማድረግ አያስቸግርም። በብዙ የምዕራብ አፍሪካ አካባቢዎች ግን ዳፊ ያለው ለጋሽ ማግኘት፣ በሰሜን አውሮፓ ደግሞ የሌለውን ማግኘት አስቸጋሪ ነው።

አገሪቱ በወባ ሥርጭት ረገድ ያላት ሁኔታም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። በአብዛኛው ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ወባ ማለት ፋልሲፓረም ማለት ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ግን ቫይቫክስ ከጠቅላላው የወባ ሕሙማን ጉልህ ድርሻ ይይዛል። ተሕዋሱ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ በሽታውን እንደገና ስለሚቀሰቅስ፣ ለመቆጣጠር ከፋልሲፓረም የተለየ ሕክምና ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ2010 በማዳጋስካር ዳፊ የሌላቸው ሰዎች በቫይቫክስ ታምመው መገኘታቸው ተገለጸ። እ.ኤ.አ. በ2013 ከኢትዮጵያ ተመሳሳይ ግኝት ታተመ፤ በ2015 የወጣ ጥናትም በኢትዮጵያ ዳፊ ባላቸውና በሌላቸው ሰዎች ላይ የተገኙትን የቫይቫክስ ተሕዋሳት አነጻጽሯል። ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥ የተሕዋሱ ቁጥር በአብዛኛው አነስተኛ በመሆኑ፣ በማይክሮስኮፕ ሳይታይ የማለፍ ዕድሉ ሰፊ ነው። ፋልሲፓረምን ብቻ የሚለዩ ፈጣን መመርመሪያዎች በሚሠራባቸው አገሮች ደግሞ ጭራሹኑ አይመዘገብም። ያልተፈለገ ነገር አለመገኘቱ እንደሌለ ማስረጃ ሆኖ መቆየቱ ለአህጉሩ የቫይቫክስ ካርታ መሳሳት ምክንያት ሆኗል።

ተሕዋሱ በሩ በሌለበት ቤት እንዴት ገባ የሚለው ጥያቄ የተለያዩ መላ ምቶችን አስነስቷል። ከእነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው ጥናት ያመላከተው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳፊ ከሌላቸው ሰዎች የተወሰዱና ገና በመብሰል ላይ ያሉ ቀይ የደም ሕዋሳትን መርምረው፣ ከፊሎቹ በዕድገታቸው መካከል ለአጭር ጊዜ የዳፊን ፕሮቲን በገጻቸው ላይ እንደሚያወጡ አረጋግጠዋል። የእነዚህ ሕዋሳት መብሰያ መቅኔ ነው። ከጣት ወይም ከክንድ የተወሰደ ደም ሲመረመር ሕዋሳቱ በስለው ፕሮቲኑን ጥለው ስለሚገኙ አንቲቦዲው «የለም» ይላል። መልሱ ለተመረመረው ሕዋስ ትክክል ነው፤ ለመቅኔው ግን አይሠራም።

ግኝቱ ለክትባት ሥራም ትርጉም አለው። ተሕዋሱ ዳፊን የሚይዝበትን ፕሮቲን መሠረት ያደረገ የሙከራ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2023 ይፋ በሆነ ውጤት በበጎ ፈቃደኞች ደም ውስጥ የቫይቫክስን የመባዛት ፍጥነት በግማሽ ያህል ቀንሷል። ዳፊ በሌላቸው ሰዎች ላይም ተሕዋሱ የሚገባው በዚሁ በር ከሆነ፣ ክትባቱ ለሁለቱም ሊያገለግል ይችላል። ሌላ በር ካለው ግን በአፍሪካ የሚኖረው ጥቅም ይቀንሳል። በጤና ተቋማት ደረጃ ግን ከወዲሁ ግልጽ የሆነ ነገር አለ። የአንድ ሰው ደም ዳፊ የለውም መባሉ የደም ፊልም ምርመራን ለመተው ወይም የቫይቫክስን ሕክምና ለመከልከል ምክንያት ሊሆን አይገባም።

የዳፊ ምርመራ ከወባ ውጪም ይፈለጋል። ዳፊ የሌላቸው ጤነኛ ሰዎች በደማቸው ውስጥ የሚቆጠረው ኒውትሮፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከሌሎች ያነሰ ሲሆን፣ ይህ በሽታን አያመለክትም። የአውሮፓውያንን ልኬት ብቻ መነሻ ባደረጉ አገሮች ግን እነዚህ ሰዎች ላላስፈላጊ ምርመራ ሲዳረጉና ከመድኃኒት ሙከራዎች ሲገለሉ ቆይተዋል። በአሜሪካ ክሎዛፒን የተባለው የአእምሮ ሕመም መድኃኒት መመሪያ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲሻሻል፣ መድኃኒቱን ለመጀመር ከሚጠየቀው በማይክሮ ሊትር 1,500 ኒውትሮፊል ይልቅ ለእነዚህ ሰዎች 1,000 በቂ ሆኖ ተደንግጓል። በውጭ አገር የሚኖሩ ትውልደ ኢትዮጵያውያን በሐኪም ዘንድ ሲቀርቡ ይህ ሊያጋጥማቸው እንደሚችል ማወቃቸው ይጠቅማል።

አንቲቦዲውን ለሚገዙ ተቋማት የመጀመሪያው ቁም ነገር በጠርሙሱ ላይ የሚጻፈው «ለምርምር አገልግሎት ብቻ» የሚለው ማሳሰቢያ ነው። ይህ ማለት ዕቃው ለሕመምተኛ ምርመራ አልተፈቀደም ማለት ነው፤ ለደም ባንክ ሥራ ለዚሁ የተፈቀደ የኤፍዋይኤ እና የኤፍዋይቢ መመርመሪያ መገዛት ይኖርበታል። በግዥ ሰነዱ ላይ «የዳፊ አንቲቦዲ» ብሎ ብቻ መጻፍ በቂ አይደለም። የክሎኑ ስም፣ የሚይዘው ቦታ፣ የተያያዘበት ቀለምና ለየትኛው ዘዴ እንደተፈተነ ካልተገለጸ፣ በአነስተኛ ዋጋ ያሸነፈው ዕቃ በወረቀት ላይ መስፈርቱን አሟልቶ በቤተ ሙከራ የማይሠራ ሊሆን ይችላል። ለጨርቅ መሰል የአካል ቅንጣት የተዘጋጀ አንቲቦዲ በፍሎው ሳይቶሜትር ላይ የማይሠራበት ጊዜ አለ፤ የዚህ ተገላቢጦሽም እንዲሁ። የአንድ ጥናት ናሙናዎች ሁሉ በተቻለ መጠን በአንድ የምርት ቁጥር ቢመረመሩ ይመረጣል። የምርት ቁጥሩ ከተለወጠም አዲሱ ከአሮጌው ጋር በተመሳሳይ ደም ላይ ይነጻጸራል።

ቀለም የተያያዘበት አንቲቦዲ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከብርሃን ተከልሎ ይቀመጣል፤ በረዶ እንዲሠራ አይደረግም። መብራት በሚቆራረጥበት ቤተ ሙከራ የማቀዝቀዣው ሙቀት በየዕለቱ ተነቦ ይመዘገባል። አብዛኛዎቹ ጠርሙሶች እንዳይበላሹ ሶዲየም አዛይድ የተባለ መርዛማ ኬሚካል ይጨመርባቸዋል። ይህ ኬሚካል ከእርሳስና ከመዳብ ቧንቧ ጋር ተዋሕዶ የሚፈነዳ ውሕድ ሊፈጥር ስለሚችል፣ ትርፉ ወደ ማጠቢያ ገንዳ ሲደፋ ብዙ ውኃ ሊለቀቅበት ይገባል።